ጠጠሩ ሜዳ ላይ የሚቆመው የገና ዛፍ

አንድ የመኪና ማቆሚያ በዓይነ ሕሊናችሁ ሳሉ። አስፋልት የለውም፤ ጠጠር ነው የፈሰሰበት። ዓመቱን ሙሉ መኪና ይቆምበታል። ገና ሲደርስ ደግሞ የከተማው ሰዎች ዛፍ ያቆሙበታል። ሌላ ምንም የለውም።

ከሌላ ከተማ የመጣ ባለሙያ ይህን ቦታ ቢያይ ምን እንደሚል መገመት አይከብድም። «መሃል ከተማ ላይ ይህን የመሰለ መሬት ጠጠር ፈሶበት ይቀመጣል? ሱቅ ይሠራበት እንጂ!» ይላል። የከተማዋ ነዋሪዎች ግን ይህንን ሜዳና ዛፉን ከቤተ ክርስቲያናቸውና ከመቃብር ቦታቸው ጋር አብረው ቆጠሩት። ይህ እንዳይነካብን አሉ።

ከተማዋ ማንቲዮ ትባላለች። አሜሪካ ውስጥ፣ ሰሜን ካሮላይና ግዛት፣ ሮአኖክ በተባለች ደሴት ላይ ናት። የነዋሪዎቹን ስሜት አውጥተው ካርታ ላይ ያሰፈሩት ደግሞ ላንድስኬፕ አርክቴክቱ ራንዶልፍ ሄስተር ናቸው። ዛሬ ስለ እሳቸው ሥራ የምጽፈው በአንድ ምክንያት ነው። «ሕዝብን ያሳተፈ የከተማ ንድፍ» የሚባለውን ነገር በየስብሰባው እንሰማዋለን። በተግባር ምን ማለት እንደሆነ ግን ብዙም አይነገረንም። የሄስተር የሥራ ዘመን ይህን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። (የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ሙያውን እንወቀው። ላንድስኬፕ አርክቴክት ሲባል ብዙ ሰው ሣር የሚያስተክልና አበባ የሚያሳምር ይመስለዋል። እሱም አለበት። ዋናው ሥራ ግን ከቤት ደጃፍ ውጭ ያለው ሁሉ ነው። ዝናብ ሲጥል ጎርፉ በየት ይሄዳል? ከሰዓት በኋላ ጥላው የት ይወድቃል? እናት ልጇን አዝላ ዳገቱን ስትወጣ የት አረፍ ትላለች? ልጆች ሲጫወቱ ኳሷ መኪና መንገድ እንዳትገባ ምን ያግዳታል? ሕንፃ የሚነድፍ ሰው ሥራው ግድግዳና ጣሪያ ነው። ላንድስኬፕ አርክቴክት ግን የሚሠራው በአፈር፣ በውሃ፣ በዛፍና በሰው ነው። ሰው ደግሞ ወረቀት ላይ የተሰመረለትን መንገድ ትቶ ሣሩ ላይ የራሱን አቋራጭ ያወጣል። ያንን አቋራጭ አይቶ «ሣሩን አትርገጡ» የሚል ሰሌዳ የሚተክል ባለሙያ አለ። «ለካ መንገዱ እዚህ ነበር» ብሎ ንድፉን የሚያስተካክልም አለ። ልዩነቱ ሁሉ እዚህ ጋ ነው።

ሙያው ሲጀመር ሰፈርን የማዳመጥ ልማድ አልነበረውም። የሙያው አባት ተደርጎ የሚቆጠረው ፍሬድሪክ ሎው ኦልምስቴድ ነው። እሱና ካልቨርት ቮክስ በ1858 የኒው ዮርኩን ሴንትራል ፓርክ የመንደፍ ውድድር አሸነፉ። ፓርኩ ትልቅ ሥራ ነው፤ ዛሬም ለሀብታሙም ለድሃውም ክፍት ነው። ነገር ግን ካረፈበት መሬት በከፊሉ ላይ ሴኔካ ቪሌጅ የሚባል ሰፈር ነበር። በአብዛኛው ጥቁር አሜሪካውያን ከ1825 ጀምሮ መሬት ገዝተው የመሠረቱት ሰፈር ነው። ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ትምህርት ቤትና የመቃብር ቦታ ነበራቸው። ወደ 225 የሚጠጉ ሰዎች ይኖሩበት ነበር። ከተማው መሬቱን በሕግ ወሰደና በ1857 ሁሉም ተነሡ። ለባለ መሬቶቹ ካሳ ተከፍሏል፤ ሰፈሩ ግን ተበተነ። እነ ኦልምስቴድ ንድፋቸውን ከማቅረባቸው በፊት ሰፈሩ አልነበረም። የሚነደፍበት መሬት «ባዶ» ሆኖ ነው የደረሳቸው።

ይህ ነገር ልቤ ውስጥ ቀርቷል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ያለው ንድፉ ላይ አይደለም። ንድፉ ከመጀመሩ በፊት አንድ ሰው ቦታውን «ባዶ» ብሎ ሲጽፈው ነው ነገሩ ያለቀው።

በ1950ዎቹና በ60ዎቹ በአሜሪካ ከተሞች ተመሳሳይ ነገር በስፋት ተደገመ። በማደስ ስም የድሆችና የጥቁሮች ሰፈሮች ፈረሱ፣ ሰፋፊ አውራ ጎዳናዎች በመሃላቸው አለፉ። ያ ቁጣ ነው ከሰፈር ሰዎች ጋር ተቀምጦ የሚሠራ አዲስ የባለሙያ ትውልድ ያስነሣው። ሄስተርም የዚህ ትውልድ ሰው ናቸው። ላንድስኬፕን ከሶሲዮሎጂ ጋር አብረው ነው የተማሩት። ኋላም በበርክሌይ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት አስተምረዋል።

ወደ ማንቲዮ ከመመለሴ በፊት አንድ ነገር ላስጨብጣችሁ፤ ለማንኛውም ስብሰባ ይጠቅማችኋል። በ1969 ሼሪ አርንስታይን የተባለች አሜሪካዊት ባለሙያ «ተሳትፎ» የሚለውን ቃል ስምንት እርከን ባለው መሰላል አስረዳች። ታች ያሉት ሁለት እርከኖች ተሳትፎ የሚል ስም ብቻ ነው ያላቸው። ሰውን መጠምዘዝና ማባበል ናቸው። መሃል ላይ ሦስት አሉ፤ ማሳወቅ፣ አስተያየት መጠየቅ፣ ጥቂት ነገር ሰጥቶ ዝም ማሰኘት። እዚህ ሕዝቡ ይናገራል፣ ውሳኔው ግን ሌላ ቦታ ነው። ላይ ያሉት ሦስቱ ላይ ሲደረስ ነው ሕዝቡ ሥልጣን የሚጋራው፣ ከፍ ሲልም ራሱ የሚወስነው።

አዳራሽ ውስጥ ተሰብስበናል እንበል። ግድግዳው ላይ የሚያምር የኮምፒውተር ሥዕል አለ፤ ፏፏቴ፣ ብስክሌት የሚነዱ ሰዎች፣ ሰማያዊ ሰማይ። ለአንድ ሰዓት ገለጻ ይደረጋል። መጨረሻ ላይ «አስተያየት ያላችሁ?» ይባላል። ሁለት አዛውንት ያመሰግናሉ። አንድ ወጣት ስለ መብራት ይጠይቃል። ከዚያ ቆሎና ለስላሳ። ያለነው ሦስተኛው ወይም አራተኛው እርከን ላይ ነው ማለት ነው። ስብሰባው መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ከአለማወቅ ማወቅ ይሻላል። ግን ወሳኙን ነገር ማንም አልጠየቀም፦ «አይሆንም ብንል ምን ይቀየራል?»

አሁን ማንቲዮ እንግባ። ዘመኑ 1980 ነው። ከተማዋ አንድ ሺህ ሰው እንኳ አይሞላትም። ድሮ ኑሮዋ ከውሃው ጋር የተያያዘ ነበር፤ ዓሣ ማጥመድ፣ ጀልባ፣ ወደብ። ኋላ ድልድይ ተሠራ። ጎብኚውም ንግዱም ወደ ባሕሩ ዳርቻና ወደ ዋናው መንገድ ሄደ። የመሃል ከተማዋ ሱቆች ተዘጉ። ወጣቱ ሥራ አጣ። አንድ ዕድል ግን በሩቁ ይታይ ነበር። እንግሊዞች አሜሪካ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ለመስፈር የሞከሩት በዚህች ደሴት ነው፤ 400ኛ ዓመቱ ከ1984 ጀምሮ ሊከበር ነው። ጎብኚ ይመጣል፣ ገንዘብ ይመጣል።

የሚያስፈራውም ይኸው ነበር። ከተማዋ ለጎብኚው ተብላ ብትለወጥ ለነዋሪው ምን ይቀራል?

ሄስተር መጀመሪያ እንደማንኛውም ባለሙያ ጠየቁ። ቤት ለቤት ሄዱ፣ ሰው አነጋገሩ። የሰዉ መልስ የተለመደው ዓይነት ነበር፤ የሚወዱትንም የሚያስቸግራቸውንም ነገሯቸው። ሄስተር ግን በመልሱ ብቻ አልተማመኑም። ሰው ስለሚኖርበት ቦታ ሲጠየቅ የሚናገረው ጎልቶ የታየውን ነው። በየቀኑ የሚያደርገውን አይናገርም፤ ከመልመዱ የተነሣ አይታየውምና። እናንተ ራሳችሁ ጠዋት ከቤት ስትወጡ የት ቆም ብላችሁ ሰላምታ እንደምትለዋወጡ ብትጠየቁ ቶሎ አይመጣላችሁም። እግራችሁ ግን ያውቀዋል።

ስለዚህ ሄስተርና ባልደረቦቻቸው ተቀምጠው ማየት ጀመሩ። ማን፣ በስንት ሰዓት፣ የት፣ ከማን ጋር፣ ምን ያደርጋል? እያሉ ካርታ ላይ አሰፈሩት። ያኔ ሌላ ከተማ ብቅ አለች። ሰዉ ፖስታ ቤት የሚሄደው ለደብዳቤ ብቻ አይደለም፤ ወሬ የሚለዋወጠው እዚያ ነው። ፖለቲካ የሚከራከረው ዳችስ የምትባል ምግብ ቤት ውስጥ ነው። ጀልባ ማውረጃው ላይ ይዋላል። ደግሞ ማንም እንደ ሥራ ያልጻፈው አንድ ሥራ አለ፦ ውሃውን ወጣ ብሎ ማየት። ዛሬ እንዴት ዋለ? ብሎ እንደ ጎረቤት ማየት።

ቀጥሎ ያደረጉት ነገር ለእኔ የዘዴው እምብርት ነው። የቦታዎቹን ዝርዝር ለነዋሪዎቹ መልሰው ሰጡና ጠየቋቸው። ከእነዚህ ውስጥ ለቱሪዝም ሲባል ቢነካ የሚፈቀደው የትኛው ነው? ፈጽሞ የማይነካውስ? «ምን ትፈልጋላችሁ?» ብሎ መጠየቅና «ምን ቢወሰድባችሁ አትችሉም?» ብሎ መጠየቅ አንድ አይደለም። የመጀመሪያው ጥያቄ የምኞት ዝርዝር ያመጣል። ሁለተኛው ግን ሰውን ያስደነግጠዋል፣ ከዚያም እውነቱን ያናግረዋል።

በነዋሪዎቹ ምርጫ አናት ላይ የወጡት ቦታዎች የውጭ ሰው ዘወር ብሎ የማያያቸው ናቸው። ከተማዋን የከበባት ረግረግ። የቤቶች በረንዳ። መድኃኒት ቤቱና ውስጡ ያለው የለስላሳ መሸጫ ባንኮኒ። ከፈረሰ ትምህርት ቤት ፍርስራሽ የተሠራ መናፈሻ። እዚያው ከተማ የተሠሩ፣ ጽሑፋቸው የማይነበብ የመንገድ ምልክቶች። ያ ጠጠር ሜዳና የገና ዛፉ። ሄስተር ይህን ስብስብ የከተማዋ «ቅዱስ መዋቅር» አሉት። ቅዱስ ሲሉ ሃይማኖት ብቻ ማለታቸው አይደለም። ቢነሣ ከተማዋ ያቺው ከተማ የማትሆንበት ነገር ማለታቸው ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ውስጥ በቅርስ ጥበቃ ሕግ የሚጠበቁት ሁለት ብቻ ነበሩ። ሕጉ የሚያውቀው ዕድሜና የግንባታ ጥበብ ነው። ሐውልት ያውቃል፣ አሮጌ ቤት ያውቃል። ሰዎች ለሃምሳ ዓመት ሲገናኙበት የኖሩበትን ተራ ጥግ አያውቅም። የማንቲዮ ካርታ ትልቅ ነገር የሆነው ስለዚህ ነው። ለሰዉ ስሜት የማስረጃ መልክ ሰጠው። ከዚያ ወዲያ «ይህ እኮ ጠጠር ነው» የሚል ሰው ካርታው ይቀርብለታል።

ንድፉ የተሠራው እንግዲህ እነዚህን ቦታዎች ዙሪያቸውን እየዞረ ነው። በውሃው ዳር የእንጨት የእግረኛ መንገድ ተዘረጋ። የ16ኛው ክፍለ ዘመን መርከብ አምሳያ የሆነችው ኤልሳቤጥ ሁለተኛዋ እዚያው ማንቲዮ ተሠርታ ከመሃል ከተማው ፊት ለፊት ቆመች። ለጎብኚው የቀረበው ጥሪ ደግሞ «በረንዳችን ላይ መጥታችሁ ተቀመጡ» የሚል ነበር። ይህ አባባል ውብ ብቻ ሳይሆን ብልህም ነው። በረንዳ ላይ የሚቀመጥ ሰው እንግዳ ነው። እንግዳ ይከበራል፣ ይስተናገዳል፤ የቤቱን ዕቃ ግን አያዘዋውርም።

ሄስተር ከዚህና ከሌሎች ሥራዎቻቸው ተነሥተው 12 ደረጃ ያለው የአሠራር ዘዴ አውጥተዋል። ሁሉንም አልዘረዝርላችሁም። የመጀመሪያው ማዳመጥ ነው፤ ከመሳል በፊት፣ ከመለካትም በፊት። አራተኛው ግን ስሙ ራሱ ያስገርማል፦ ማኅበረሰቡን ከራሱ ጋር ማስተዋወቅ። እንዴት ነው ሰው ከራሱ ጋር የሚተዋወቀው? የላይኛው ሰፈር ሰው የታችኛው ሰፈር ሰው ውሃ ለመቅዳት ስንት ሰዓት እንደሚቆም አያውቅም። ሽማግሌው ወጣቶቹ ማታ የት እንደሚሰበሰቡ አያውቅም። ባለሱቁ ዓይነ ስውሯ ጎረቤቱ በረንዳው ላይ ያስቀመጠው ሳጥን እንደሚያደናቅፋት አያውቅም። የባለሙያው ሥራ ያየውን ሁሉ መልሶ ለሁሉም ማሳየት ነው። ብዙ ጠብ እዚህ ላይ ይበርዳል። ሰው ከሐሳብ ጋር ሲጣላ ቆይቶ ከኑሮ ጋር ሲገናኝ አነጋገሩ ይለወጣል።

ወደ መጨረሻው ደግሞ ኃላፊነትን ለነዋሪው ማስረከብ የሚል ደረጃ አለ። ብዙ ፕሮጀክት የሚሞተው እዚህ ነው። ሪባን ይቆረጣል፣ ባለሙያው ይሄዳል፣ ቧንቧው ይሰበራል፣ የሚጠግነው ይጠፋል። ማን ይከፍታል? ማን ይዘጋል? ማን ያጸዳል? ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ይህ ከንድፉ ጋር አብሮ ካልተሠራ የሚያምረው መናፈሻ በሁለት ክረምት ውስጥ አረም ይውጠዋል። የመጨረሻው ደረጃ ተመልሶ ማየት ነው። ቦታው ከተከፈተ በኋላ ሄዶ፣ ተቀምጦ፣ ሰዉ እንዳሰብነው ተጠቀመበት ወይ? ብሎ መመዝገብ። ለዚህ ሥራ የሚከፍል ደንበኛ ብዙ ጊዜ አይገኝም። ለሙያው እድገት ግን ከዚህ የበለጠ ትምህርት የለም ባይ ነኝ።

የሄስተር ሥራ አሜሪካ ላይ አልቀረም። በ1990ዎቹ በታይዋን፣ ታይናን አካባቢ፣ ቺጉ የሚባለው ጨዋማ ሐይቅ ላይ የፔትሮኬሚካልና የብረት ፋብሪካ ሊገነባ ታቀደ። ሐይቁ የዓሣ አጥማጆችና ኦይስተር የሚባለውን ባለ ቅርፊት የባሕር እንስሳ የሚያረቡ ሰዎች መተዳደሪያ ነው። አካባቢው ደግሞ ከኮሪያ ልሳነ ምድር የሚመጣ፣ ፊቱ ጥቁር፣ መንቁሩ ማንኪያ የሚመስል ነጭ ወፍ የሚከርምበት ነው። በ1990 አካባቢ በዓለም ላይ ተቆጥሮ የተገኘው ከ300 ያነሰ ነበር። ሄስተርና ባልደረቦቻቸው በ1997 ወፉን ለማትረፍ የሚሠራ ቡድን አቋቋሙ። ከአካባቢው ሰዎች ጋር ሆነው «ወፉ ይትረፍ» ብቻ አላሉም። ዓሣ ማጥመዱን ሳያጠፋ ሥራ የሚፈጥር ሌላ ዕቅድ፣ ተፈጥሮን በማስጎብኘት ላይ የቆመ፣ አዘጋጁ። «አይሆንም» ለማለት «ይህ ይሁን» የሚል ነገር በእጅ መያዝ ያስፈልጋል። ረጅም ትግል ነበር፤ ብዙ የታይዋን ሰዎች የደከሙበት ነው። ፋብሪካው ሳይሠራ ቀረ። በ2009 አካባቢው ታይጂያንግ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ተካተተ። ዛሬ የወፉ ቁጥር ከ6,000 በላይ ሆኗል።

ዘዴው ሁሉን አይፈታም። ከተማ ሲያምር መሬት ይወደዳል። መሬት ሲወደድ ተከራዩ ይለቃል። ፖስታ ቤቱን ማቆየት ይቻላል፤ ፖስታ ቤቱ ደጃፍ ላይ ሲያወሩ የነበሩት ሰዎች የቤት ኪራይ መክፈል ካልቻሉ ግን ወሬው አብሯቸው ይሄዳል። ይህን ላንድስኬፕ አርክቴክት ብቻውን አይመልሰውም። የቤት ፖሊሲ፣ የመሬት ሕግና የከተማ ምክር ቤት ሥራ ነው። ጊዜም ይበላል። ለወራት ተቀምጦ ማየት የሚችለው ማን ነው? በጀት የያዘ ሁሉ ይቸኩላል። እኔ ግን አፍርሶ እንደገና ከመሥራት ተቀምጦ ማየቱ ይረክሳል እላለሁ።

ስለ ሄስተር ካነበብኩ በኋላ ዝም ብዬ መቀመጥ አልቻልኩም። ባደግኩበት ሰፈር አንድ ክፍት ቦታ አለ። እድሩ ድንኳን የሚተክለው እዚያ ነው፤ ለሐዘንም ለሠርግም። ለፋሲካ የቅርጫው በሬ የሚታረደው እዚያ ነው። አንድ ቅዳሜ ደብተር ይዤ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምሬ ተቀመጥኩ። ልጅ ሆኜ ሺህ ጊዜ የተጫወትኩበት ቦታ ስለሆነ አዲስ ነገር አገኛለሁ አላልኩም ነበር።

ሁለት ሰዓት ላይ አንዲት ሴት ሰፊ ሸራ ዘርግታ በርበሬ አሰጣች። አራት ሰዓት ላይ ምንጣፍ የሚያጥቡ መጡና ውሃው ወደ በርበሬው እንዳይፈስ በእግራቸው ትንሽ ቦይ ቀደዱ። ማንም ማንንም አልጠየቀም። ስድስት ሰዓት ላይ ሁለት ባጃጆች ጥላው ውስጥ ቆሙ፣ ሾፌሮቹ ምሳቸውን በሉ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልጆቹ ጎል ሠሩ። በርበሬው እስኪነሣ ድረስ ግማሹን ሜዳ ብቻ ነበር የተጫወቱት። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሦስት አሮጊቶች ከቤታቸው ወጥተው አጥሩ ሥር ያለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ድንጋዩ ከመቀመጥ ብዛት ለስልሷል።

«እማማ፣ ይህን ድንጋይ ማን ነው ያስቀመጠው?» አልኳቸው አንዷን።

«እኔ እንጃ ልጄ፤ እኔ ተድሬ ስመጣም እዚሁ ነበር» አሉኝ፤ ከዚያ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ። ተቀመጥኩ። ደብተሬ ላይ ድንጋዩን በእርሳስ ከበብኩት።